ድምፁ የማን ነው? ዘፋኙና ሕዝቡ በሳይበርፐንክ ጨዋታ ታሪክ



«ጨዋታ» የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው። በአንድ በኩል በደንብና በውጤት የሚመራውን ውድድር ይገልጻል፤ በሌላ በኩል ሰዎች አረፍ ብለው የሚያወጉትን ወግ። የዛሬው ንግግሬ የሚመለከተው ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገናኙበትን የጨዋታ ዓይነት ነው። ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ያሉት ይሳካ እንደ ሆነ የሚወስኑት በወረቀት ላይ የሰፈረው የችሎታ ቁጥርና የተጣለው ዳይስ ናቸው። መሣሪያው ይኸው ነው፤ መጽሐፍ፣ እርሳስ፣ ዳይስና ንግግር።

ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል በአንዱ ውስጥ ዘፋኙ የያዘውን ስፍራ ልንመረምር ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም በውስጡ ያለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የዘፋኝ ድምፅ የማን ነው? ያ ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው ሕዝብስ የማን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊው የጨዋታ ደራሲ ማይክ ፖንድስሚዝ «ሳይበርፐንክ» የተሰኘውን ሥራውን በ1988 በራሱ ኩባንያ በአር. ታልሶሪያን ጌምስ በኩል አሳተመ። የመጀመሪያው እትም ታሪክ በ2013 የሚካሄድ ነበር፤ በ1990 የወጣው ሁለተኛው እትም ዘመኑን ወደ 2020 አራቀው። መድረኩ ናይት ሲቲ የተባለች፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ የተመሠረተች ምናባዊ ከተማ ናት። በዚያ ዓለም መንግሥት ተዳክሟል፤ ግዙፍ ኩባንያዎች የየራሳቸውን ጦር ያሰልፋሉ፤ ሰዎች ክንዳቸውንና ዐይናቸውን በማሽን ይለውጣሉ። ተጫዋቹ ከሚመርጣቸው ሙያዎች መካከል ቅጥር ተዋጊ፣ የኮምፒዩተር መረብ ሰርጎ ገብ፣ ጋዜጠኛ፣ ደላላ፣ የኩባንያ ሹም ይገኛሉ። ከእነርሱም ጎን ጊታር የያዘ ዐመፀኛ ቆሟል፤ ስሙ ሮከርቦይ ነው። በ1989 ደግሞ ይህን ሙያ ርእሱ ያደረገ ተጨማሪ መጽሐፍ ታተመለት።

ለወደፊቱ ዓለም በተጻፈ ጨዋታ ውስጥ ዘፋኝ ከተዋጊው እኩል መሰለፉ የአንድ ሰው የግል ምርጫ ብቻ አልነበረም። ሳይበርፐንክ የተባለው የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ገና ከጅምሩ ከሮክ ሙዚቃ ጋር ተጣምሮ ያደገ ነው። ብሩስ ስተርሊንግ በ1986 «ሚረርሼድስ» የተባለውን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ሲያዘጋጅ የፓት ካዲጋንን «ሮክ ኦን» አካትቶበታል፤ በዚያ ታሪክ ለሙዚቃ የሚፈለገው የአንዲት ሴት አእምሮ ራሱ ነው፤ ሌሎች ከእርሷ ጭንቅላት ዘፈን እየቀዱ ይጠቀማሉ። ራሱ በፐንክ ባንዶች ውስጥ ያንጎራጎረው ጆን ሸርሊ በ1985 ባሳተመው «ኢክሊፕስ» ውስጥ ደግሞ ሪከንሃርፕ የተባለው ጊታሪስት ፋሺስቶች የፓሪስን የድል ቅስት ሲያፈርሱ በአናቱ ላይ ቆሞ ይጫወታል። ፖንድስሚዝ ጨዋታውን ሲቀምር እነዚህ ሁለት የዘፋኝ አምሳሎች በሥነ ጽሑፉ ውስጥ አስቀድመው ነበሩ፤ አንዷ ድምፅዋን የምትዘረፍ፣ ሌላው በድምፁ ሥልጣንን የሚጋፈጥ።

ዘመኑም ለሁለቱ አምሳሎች በቂ ምክንያት ሰጥቶ ነበር። ለዚህ ከሁሉ የቀረበውን ምስክር ከራሳችን ታሪክ እናገኘዋለን። ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ። የተዘጋጀው በረኃብ ለተጎዱ ወገኖቻችን ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። በሳተላይት የተላለፈው ያ ዝግጅት ዘፋኞች በአንድ ቀን የዓለምን ሕዝብ ከመቀመጫው ሊያስነሡ እንደሚችሉ አሳየ። በዚያው ቀን በአሜሪካ በተላለፈው ሥርጭት መካከል የታላላቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ይታይ ነበር። ሕዝብን የማንቀሳቀስ ኃይልና ያን ኃይል ለገበያ የማዋል ጥበብ በአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። በ1988 መጀመሪያ የጃፓኑ ሶኒ ሲቢኤስ ሪከርድስን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ የራሱ አደረገ። በ1989 ኮሎምቢያ ፒክቸርስ የተባለውን የፊልም ኩባንያ ጨመረበት። በ1990 ማትሱሺታ ኤምሲኤን ገዛ። የአሜሪካውያን ወጣቶች የዐመፅ ዘፈን ሸክላ የሚታተመው መቅረጸ ድምፅና ቴሌቪዥን በሚሠሩ ድርጅቶች ንብረትነት ሥር ሆነ። በጨዋታው ውስጥ ዋነኛው ባላጋራ አራሳካ የተባለ የጃፓን ኩባንያ መሆኑን የዚያን ዘመን አሜሪካውያን ስጋት ሳናስታውስ ልንረዳው አንችልም። በዚህ ስጋት ውስጥ የባዕድ ጥላቻ ቅንጣት አልነበረበትም ለማለት ያስቸግራል፤ ኩባንያው ጃፓናዊ ሆነም አሜሪካዊ ለዘፋኙ ውሉ ያው ነበርና።

አሁን ወደ ጨዋታው ደንብ እንግባ፤ ምክንያቱም የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሐሳቡን የሚገልጸው በትረካው ብቻ ሳይሆን በቁጥሩም ነው። በሁለተኛው እትም እያንዳንዱ ሙያ የራሱ የሆነ ልዩ ችሎታ አለው። የጋዜጠኛው ልዩ ችሎታ ታማኝነት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚናገረውን የሚያምኑት ሰዎች ይበዛሉ። የሮከርቦዩ ልዩ ችሎታ ደግሞ ሕዝብን በግርማ ሞገስ የመምራት ኃይል ነው። ቁጥሩ ዝቅተኛ ሲሆን በአንዲት ጠባብ የምሽት ክበብ ያለውን ታዳሚ ያነሣሣል፤ ሲያድግ ሰፊ ሕዝብን ለዐመፅ ሊያስነሣ ይችላል።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያው ደንብ ውስጥ መሣሪያ መጫወት፣ መድረክ ላይ ማቅረብና ዜማ መድረስ ሌሎች፣ ራሳቸውን የቻሉ ችሎታዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ጊታሩን በቅጡ የማይመታ፣ ነገር ግን አደባባይ የሚያናውጥ ዘፋኝ ሊፈጥር ይችላል፤ የተዋጣለት ሙዚቀኛ ሆኖ ማንንም የማያንቀሳቅስ ሰውም እንዲሁ። ቀማሪው የሙዚቃን ውበት ከሙዚቃ ሥልጣን ለይቶ አስቀምጧል። በጠረጴዛው ዙሪያ ዘፈኑ እንደማይሰማ ስናስታውስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ተጫዋቾቹ የሚያውቁት ሕዝቡ ምን እንዳደረገ ብቻ ነው። ድምፅ አልባ በሆነ ጨዋታ ውስጥ ሙዚቃ የሚለካው ባስከተለው ውጤት ይሆናል።

ይህ ክፍፍል ከእውነታው የራቀ አልነበረም። በሴፕቴምበር 1985 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ዘፈን ግጥሞች ይዘት ሙዚቀኞችን ጭምር ጠርቶ ምስክርነት ሰምቷል። በ1989 የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አንድ ባለሥልጣን ኤንደብሊውኤ የተባለው የራፕ ቡድን ስለ ፖሊስ ባወጣው ዘፈን ምክንያት ለአከፋፋዩ ኩባንያ የቅሬታ ደብዳቤ ጽፏል። ደብዳቤውን ያስጻፈው የምት አጣጣሉ ጥራት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ የተፈራው የሚያዳምጠው ሕዝብ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ በጨዋታው ላይ አንድ ነቀፋ እንድሰነዝር ያስገድደኛል። ጨዋታው በታተመበት በዚያው በ1988 ፐብሊክ ኤነሚና ኤንደብሊውኤ በእያንዳንዳቸው ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ተጽዕኖ የፈጠሩ አልበሞቻቸውን አወጡ። የአሜሪካ ከተሞች ቁጣ ከጊታር ወደ ራፕ ማይክሮፎን እየተሻገረ ነበር። ጨዋታው ግን የወደፊቱን ዐመፀኛ በሮከር ስም ጠራው። ስለ ወደፊት የሚጻፍ ነገር ሁሉ ከጸሐፊው ወጣትነት የተረፈ ዜማ እንደሚከተለው ከዚህ እንማራለን። የሆነ ሆኖ ሕዝብን የመምራት ችሎታ ከመሣሪያው ተለይቶ በመቀመጡ ምክንያት ደንቡ ከስሙ ሰፍቶ ተገኘ። ለራፐሩም፣ ለገጣሚውም፣ ለአደባባይ ተናጋሪውም በእኩል ያገለግላል።

ከ2020ው እትም ዋና መጽሐፍ ውስጥ አንድ አጭር ታሪክ ሐሳቡን ወደ ጫፉ ያደርሰዋል። ጆኒ ሲልቨርሃንድ ሳሙራይ የተባለው ባንድ መሪ ድምፃዊ የነበረ፣ በጦርነት አንድ ክንዱን አጥቶ በብር በሚመስል ሰው ሠራሽ ክንድ የተካ ሮከርቦይ ነው። ፍቅረኛው አልት ከኒንግሃም የሰውን አእምሮ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ፕሮግራም ደርሳለች፤ አራሳካ ለዚህ ሲል ይጠልፋታል። ጆኒ በኩባንያው ሕንጻ ፊት ለፊት ኮንሰርት እንዲደረግ ያደርጋል፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ወደ ሁከት ይገባል፤ እርሱና ግብረ አበሮቹም በዚያ ግርግር ተሸፍነው ይገባሉ። አልትን ግን በሕይወት አያወጧትም።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የጀግንነት ታሪክ አድርገው ያነብቡታል። እኔ በኮንሰርቱ ላይ ከቆሙት ሰዎች ዐይን እንድናየው እጠይቃለሁ። ዘፈን ሊሰሙ መጡ፤ ሳያውቁት የአንድ ሰው የግል ውጊያ ጋሻ ሆኑ። ኩባንያው ሕዝቡን እንደ ገበያ ቆጠረው፤ ዐመፀኛው ደግሞ እንደ መሣሪያ ተገለገለበት። ከሁለቱ አንዳቸውም አልጠየቁትም። ጨዋታው ለሮከርቦዩ ትልቅ ቁጥር ሲሰጥ ይህን አደጋም አብሮ አስረክቦታል። በዚህ ረገድ ጠረጴዛው ከመጽሐፍ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ተጫዋቹ ዳይሱን ከመጣሉ በፊት «ይህን ሕዝብ ወዴት ነው የምወስደው?» ብሎ ራሱን ለመጠየቅ ጊዜ አለውና።

የመዝናኛው ሌላ ገጽታ ብሬይንዳንስ ይባላል። ይህ የአንድ ሰው የስሜት ሕዋሳት ያስተናገዱትን ሁሉ ቀርጾ ለሌላው የሚያቀርብ ቴክኖሎጂ ነው፤ ገዢው ዘፋኙን ከማየት አልፎ ዘፋኙን ሆኖ ያልፋል። በ1989 በቺካጎው ፋሳ የታተመው ተፎካካሪ ጨዋታ «ሻዶውረን» ተመሳሳዩን ሲምሴንስ ብሎታል፤ በ1992 «ሻዶውቢት» የተባለ አንድ ሙሉ መጽሐፍም ለሙዚቃ፣ ለብዙኃን መገናኛና ለስፖርት መድቧል። ሁለቱም ጨዋታዎች አንድ ለውጥ ያያሉ። ኮንሰርት ሰዎችን በአንድ ስፍራ ይሰበስባል፤ የተቀረጸው ስሜት ግን እያንዳንዱን በየክፍሉ ብቻውን ያስቀምጣል። ለብቻው የተቀመጠ አድማጭ ሊደሰት ይችላል፤ አደባባይ ግን አይወጣም። ለኩባንያው ከሳንሱር ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በዲሴምበር 2020 የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ከዚህ ጨዋታ የተወሰደውን «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ አወጣ። ጆኒን ኪያኑ ሪቭስ ተጫወተው፤ ለሠላሳ ዓመት ድምፅ ያልነበራቸውን የሳሙራይ ዘፈኖች ደግሞ ሪፊውዝድ የተባለው የስዊድን ባንድ ሠራቸው። በታሪኩ ውስጥ ጆኒ ከሞተ ዐሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የቀረው አእምሮው ተገልብጦ የተቀመጠበት፣ አራሳካ የሠራው ቺፕ ነው። ኩባንያዎችን ሲረግም የኖረው ድምፅ በመጨረሻ የኩባንያ ንብረት ሆኖ ተገኘ።

ከልብ ወለዱ ውጭ ያለው ዝርዝር ይበልጥ ያስገርማል። ጨዋታውን በኢንተርኔት በቀጥታ ለሚያሠራጩ ሰዎች የቅጂ መብት ያለባቸውን ዘፈኖች የሚያጠፋ ምርጫ ተዘጋጅቶላቸዋል። በዐመፅ ሙዚቃ የተሞላችውን ከተማ ለሌሎች የሚያሳይ ሰው ከባለመብቶች ጋር እንዳይጋጭ ዘፈኑን ዘግቶ ያልፋል። በ2012 በኮቼላ መድረክ ከ16 ዓመት በፊት የተገደለው ራፐር ቱፓክ ሻኩር በምስል ተነሥቶ «ሲዘፍን» የታየ መሆኑን ስናክልበት፣ የ1988ቱ ደራሲያን ቅዠት ወደ ውል አንቀጽነት መለወጡን እናያለን። ዛሬ የሰውን ድምፅ ከጥቂት ቅጂ ተነሥተው የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች በእጃችን ባለው ስልክ ላይ ይሠራሉ።

እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። የዚህ ጨዋታ የሠላሳ ዓመት ጉዞ የሚያስተምረን የዘፋኝ ኃይል በሚሰማው ሕዝብ ውስጥ እንደሚኖር ነው፤ ስለዚህም ባለቤትነቱን የሚሻ ሁሉ ሁለት በሮችን ያንኳኳል። አንደኛው የዘፋኙ ውል ነው፤ ሁለተኛው የአድማጩ ብቸኝነት ነው። ሙዚቃን፣ ሕግን ወይም ኮምፒዩተርን ለምታጠኑ ወጣቶች ይህ የሩቅ ሀገር ጨዋታ ብቻ ሆኖ እንዳይታያችሁ አደራ እላለሁ። ድምፅ ከሥጋ ተለይቶ በሚሸጥበት ዘመን ውሉን አንብቦ የሚፈርም ዘፋኝ ያስፈልጋል። ዘፈኑን ሰምቶ «ወዴት እየወሰድኸን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብም እንዲሁ። ጠረጴዛው ላይ ቁጥሩን የሚጽፈው ደንቡ ነው፤ ከጠረጴዛው ውጭ ግን ያንን ቁጥር ለዘፋኙ የምንሰጠውም የምንነሣውም እኛ አድማጮች ነን።