የማርሻል 2203 ማጉያ፦ የስሙና የሰርኪቱ ታሪክ

በምህንድስና ትምህርት የድምፅ ማጉያ ጥራት የሚለካው የገባለትን ሞገድ ቅርጹን ሳያዛባ አጉልቶ በማውጣቱ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች ግን ይህን መለኪያ ገልብጠው፣ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ፈለጉት። ይህንኑ ድምፅ ሆን ብለው እንዲሰጡ ከተሠሩት ባለ ቫልቭ ማጉያዎች መካከል ስመ ጥሩው ማርሻል 2203 ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከበሮ መቺና የከበሮ መምህር የነበረው ጂም ማርሻል በምዕራብ ለንደን፣ በሃንዌል፣ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ነበረው። የአሜሪካው የፌንደር ማጉያ በእንግሊዝ አገር ውድ ስለ ነበር፣ ኬን ብራንና ደድሊ ክሬቨን በ1962 የፌንደር ቤዝማንን ሰርኪት ተከትለው ጄ.ቲ.ኤም. 45 የተባለውን ማጉያ ሠሩለት። ሰርኪቱ ግልባጭ ለማለት የሚያስደፍር ቢሆንም፣ ዕቃው በእንግሊዝ ገበያ የተገኘው ነበር። በመግቢያው ላይ ፌንደር የማጉላት መጠኑ 44 ገደማ የሆነ ቫልቭ ሲጠቀም፣ ለንደኖቹ 100 የሚደርሰውን ኢ.ሲ.ሲ. 83 አስገቡ። በዚህም ምክንያት ግልባጩ ከዋናው ፈጥኖ የሚሻክር ሆነ።

ቆይቶም 1959 የተባለው ባለ 100 ዋት ማጉያ ተከተለ። (ቁጥሩ የካታሎግ መለያ እንጂ ዓመተ ምሕረት አይደለም።) የዚህ ማጉያ ችግር፣ ተፈላጊው ድምፅ የሚገኘው የኃይል ክፍሉ እስከ ጫፍ ሲገፋ መሆኑ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጩኸቱን ትልቅ አዳራሽ እንጂ ተራ ክፍል አይችለውም።

በ1975 የወጣው 2203 መፍትሔውን ከኃይል ክፍሉ ወደ ቅድመ ማጉያው አዛወረው። ቀድሞ ጎን ለጎን ይሠሩ የነበሩት ሁለት የመግቢያ ትሪዮዶች አሁን አንዱ ሌላውን እንዲመግብ በተከታታይ ተያያዙ፤ ከኃይል ክፍሉ በፊትም የጠቅላላው ድምፅ መቆጣጠሪያ ገባ። የሥራው ቁም ነገር ያለው ግን በሁለተኛው ደረጃ ነው። በሌሎቹ የማጉያ ደረጃዎች ካቶድ ሥር ያለው ሬዚስተር ከ3 ኪሎ ኦም የማይበልጥ ሲሆን፣ እዚህ 10 ኪሎ ኦም ተደረገ። ስለዚህ ቫልቩ ለመዘጋት ቀርቦ ስለሚሠራ፣ የሞገዱን አንድ ወገን ከሌላው ቀድሞ ይቆርጣል። በመማሪያ መጻሕፍት ስህተት የሚባለው የሥራ ነጥብ እዚህ የታሰበ ንድፍ ነው።

በ1981፣ ማርሻል ከሮዝ ሞሪስ ጋር የነበረው የማከፋፈያ ውል ካበቃ በኋላ፣ ማጉያው ጄ.ሲ.ኤም. 800 የሚል አዲስ ስም ወጣለት። ሦስቱ ፊደላት የባለቤቱ የስም መነሻዎች ሲሆኑ፣ ቁጥሩ የተወሰደው ከመኪናው ሰሌዳ ነው። የፊቱ ገጽታ ተለወጠ፤ ሰርኪቱ ግን በመሠረቱ ያው 2203 ነበር። ገዢዎች እስከ ዛሬ የቀድሞውንና የኋለኛውን እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ማሽኖች ሲያወዳድሩ ይሰማል፤ ክርክሩ ግን ከሚገባው በላይ የጦዘ ነው።

እውነተኛው ልዩነት ያለው ስሙ ባልተለወጠበት ነው። ወደ አሜሪካ የሚላኩትን አስመጪው ዩኒኮርድ በኢ.ኤል. 34 ፈንታ 6550 ቫልቭ እንዲገባባቸው አድርጎ ነበር። 6550 ጠንካራና ዘግይቶ የሚሻክር በመሆኑ፣ አንድ ቁጥር የያዙ ሁለት ማጉያዎች ለንደንና ኒው ዮርክ ላይ የተለያየ ድምፅ ይሰጡ ነበር። የቫልቩን ዓይነት መልሶ መለወጥም ይቻላል፤ ነገር ግን የግሪዱ አሉታዊ ቮልቴጅ አብሮ መስተካከል አለበት። በ1980ዎቹ አጋማሽም፣ ከላይና ከታች የነበሩት የጊታር መግቢያዎች ጎን ለጎን ሆነው በቀጥታ በታተመው የሰርኪት ሰሌዳ ላይ ተተከሉ። ይህ ለፋብሪካው ርካሽ ነው፤ ለጠጋኙ ግን አይመችም፤ ተሰኪው በተጎተተ ቁጥር የሚጨነቀው ሰሌዳው ነውና።

ባለ ሁለት ቻናሉ 2210 የዚሁ ቤተሰብ ስም ቢኖረውም ሞገዱን በዳዮድ ጭምር ስለሚቆርጥ በዚህ ንጽጽር አይገባም። 2203 በ1990 ለጄ.ሲ.ኤም. 900 ቦታውን ለቀቀ፤ በ2002 ዳግመኛ ሲሠራም ቀድሞ ያልነበረው የውጭ ድምፅ መለወጫ መሣሪያዎች ማገናኛ ተጨምሮበት፣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ወጣ።