የፎቶግራፍ ሥራ ሕግ በኢትዮጵያ

የፎቶግራፍ ሥራ ሕግ በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ አንሺን፣ የደንበኛንና የሚነሳውን ሰው መብትና ግዴታ የሚወስኑ ድንጋጌዎችን ያጠቃልላል። ድንጋጌዎቹ በአንድ ሕግ የተሰበሰቡ አይደሉም፤ ዋና ዋናዎቹ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ውስጥ ይገኛሉ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል።

የንግድ ፈቃድ

ፎቶግራፍ ማንሳትን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ፈቃድ ያወጣል። ለዚህም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል።

ውልና ቀብድ

የሠርግ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ በቀብድ ይያዛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የተሻለ ዋጋ አግኝቶ ወደ ሌላ ሠርግ የሚሄድ ፎቶ አንሺ 3,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ከነበረ 6,000 ብር ይከፍላል።

የቅጅ መብት

ፎቶግራፍ ጥበቃ እንዲያገኝ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሆኖም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሳ ለማስረጃነት ይጠቅማል። የአብዛኞቹ የፈጠራ ሥራዎች የኢኮኖሚ መብት በሠሪው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ሲጸና፣ የፎቶግራፍ ግን ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ብቻ ይቆያል።

በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ባለመብቱ አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በአምበር ከተማ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ሠርግ ለማንሳት ቢዋዋልና ውሉ ስለ ቅጅ መብት ምንም ባይል፣ ደንበኞቹ የኢኮኖሚ መብቱ የእኛ ነው ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። መብቱን ለራሱ ማስቀረት የሚፈልግ ፎቶ አንሺ ይህን አስቀድሞ በውሉ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። የኢኮኖሚ መብትን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ መደረግ አለበት።

የሚነሳው ሰው መብት

የቅጅ መብት ያለው ፎቶ አንሺም ቢሆን ፎቶውን እንደፈለገ መጠቀም አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። የሙሽራን ፎቶ አሳድጎ በፎቶ ቤት መስተዋት ላይ መስቀል ፈቃድ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ሰውየው ታዋቂ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ከሆነ፣ የፍትሕ ወይም የፖሊስ ሥራ ከጠየቀ፣ ሳይንሳዊ፣ ባህላዊ ወይም የትምህርት ጥቅም ካለ፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ሁነት ወይም በዓል ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። እንደ ጥምቀት ያለ የአደባባይ በዓል የመጨረሻው ምሳሌ ነው።

መብቱ የተጣሰበት ሰው ምስሉ እንዲነሳለት መጠየቅ ይችላል። በአንቀጽ 29 መሠረት ፍርድ ቤት ካሳ ሊወስን ይችላል፤ መጠኑም ተጠቃሚው በምስሉ ካገኘው ጥቅም ጋር እስኪመጣጠን ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ አሰባሰብና አያያዝ ላይ ግዴታዎችን ይጥላል።