የፋሲል ፈረስ፦ ስለ አንድ ግልቢያና ስለ ምንጭ አነባበብ

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ የተፈጸመ አንድ የፈረስ ግልቢያ ነው። የጻፈልንም ራሱ ጋላቢው፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ራሱን ማሞገስ ስለሚወድ ብዙዎቻችን ይህን ክፍል የጉረኛ ወሬ ብለን እናልፈዋለን። እኔም በተማሪነቴ አልፌው ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ዝቅ ብዬ የምተርከው ውድቀት ነው።

ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት በጥቅምት 1763 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) ከጎንደር ተነሥቶ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ወረደና ባምባ ከሚለው ስፍራ፣ የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ከሰፈረበት ደረሰ። ፋሲል የደጃዝማች ዋረኛ ልጅ ሲሆን ራስ ሚካኤል ስሑልን ሲዋጋ የቆየ ብርቱ ሰው ነበር። ለእንግዳው የሚጋልበው ፈረስ ቀረበለት፤ ፈረሱ ግን ያልተገራ ነበር። ገና ሲቀመጥበት ራገጠ፣ በኋላ እግሮቹ ቆመ፣ አራቱንም እግሩን ከመሬት አነሣ። ብሩስ በመጀመሪያ ልጓሙን አጥብቆ ያዘበት፤ ኋላ ግን አላላለትና ወደ ዳገቱ ለቀቀው። ፈረሱ ሽምጥ ጋለበ፤ በመጨረሻም ዳገቱ አደከመው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ሜጫ እየወጣሁ ከአንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ዘንድ ግልቢያ እማር ነበር። ሶምሶማው ብዙ አላስቸገረኝም። ፈረሱ እግሮቹን ሁለት ሁለት እያደረገ በማፈራረቅ ስለሚረግጥ ጋላቢውን ያነጥረዋል እንጂ አያስደነግጠውም። የከበደኝ ደንገላሳው ነው። በደንገላሳ ኮቴው ሦስት ጊዜ ይመታና ለቅጽበት ፈረሱ በሙሉ አየር ላይ ይሆናል። ጀማሪ በዚያች ቅጽበት ልጓም ይጎትታል፤ እኔም ጎተትሁ። ሽማግሌው፣ «መያዣ ካማረህ ጋማውን ያዝ፤ አፉን ተውለት» አሉኝ። ደንገላሳን የሚያስተምሩትም ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነበር፤ ዳገት የወጣ ፈረስ ይዞህ አይጠፋም ይሉ ነበር።

ቀጥሎ ቦይ መዝለል መጣ። ክረምት የቆፈረው፣ ወርዱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ቦይ ነው። «ሲነሣ አብረኸው ተነሣ፤ እጅህን ወደ አንገቱ ስደድለት» ብለውኝ ነበር። ፈረሱ ሲነሣ ግን እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ በልጓሙ ተንጠለጠልሁ። ማዶ ስንደርስ ወደቅሁ። ሽማግሌው እየሮጡ መጡና በቀጥታ የፈረሱን ከንፈር ገልጠው አዩ፤ ደምቷል። «አያ፣ እኔ ምንም አልሆንሁም» ብላቸው «አንተን ማን ጠየቀህ!» አሉኝ። ያን ቀን እንደገና አላስወጡኝም።

ከዓመታት በኋላ ብሩስን መልሼ ሳነብ የቆምሁት ልጓሙን ካላላበትና ዳገቱን ከመረጠበት ላይ ነው። ይህ ለወሬ ድምቀት የሚፈጠር ዝርዝር አይመስለኝም። ጉራው እንዳለ ሆኖ፣ ሰውየው የሚያውቀውን ይናገራል። እንግዲያው ከግልቢያው በኋላ የተረከውንም በቁም ነገር ማንበብ ይገባናል ማለት ነው።

ሲሰናበቱ ፋሲል በዋዜማው የተቀመጠበትን የራሱን ፈረስ እንደተጫነና እንደተለጎመ ለብሩስ ሰጠው። እንዳትቀመጥበት፣ ከፊትህ አስነዳው፤ ይህን ፈረስ ያየ የሜጫ ሰው አይነካህም አለው። የይለፍ ወረቀቱ ፈረሱ ነበር ማለት ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብራናና ማኅተም ስንፈልግ ይህን የመሰለውን መልእክት ዘልለን እንሄዳለን። መልእክቱ እንዲደርስ ግን ገበሬውም እረኛውም አንዱን ፈረስ ከሌላው በመልኩና በዕቃው ለይቶ ማወቅ ነበረበት። ቦራ፣ ዳማ፣ ሻንቆ፣ አምባላይ፣ ጉራቻ፣ ዳለቻ እያልን የምንዘረዝራቸው ቃላት የዚህ ዕውቀት ቅሪቶች ናቸው። ጉራቻና ዳለቻ ከኦሮምኛ የመጡ መሆናቸውም፣ አማራው፣ አገውና ኦሮሞው የተገናኙበትን ይህን ምድር ለሚያውቅ የሚያስገርም አይሆንም።

የፈረስ ስምንም ከዚህ አንጻር ማየት የሚሻል ይመስለኛል። ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንተነትነው እንደ ማሞገሻ ነው። ስሙ ግን በመጀመሪያ የፈረሱ ነው፤ ፈረሱን የሚያውቅ ሕዝብ ከሌለ ሞገሱም ተሰሚ አይኖረውም።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራል። በ2011 ዓ.ም. ሄጄ ከሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። ጋላቢዎቹ ገና በአቧራ ተሸፍነው ሲመጡ፣ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ተመለከቱና «የነእንትና ዳማ ነው፤ ዛሬ ልጁ ነው የተቀመጠበት» አሉ። እኔ ገና ፈረሱንም አልለየሁም ነበር።