የዐፅም ምስክርነት
በሕግ ሕክምና ታሪክ የሟችን ስምና የአሟሟቱን ምክንያት ስለ ማወቅ

ሰው ሞቶ በተገኘ ጊዜ ዳኛ ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል። አንደኛው «ይህ ሰው በምን ሞተ?» ሁለተኛው «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ነው። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሐኪም እጅ ስለሚመረመሩ ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ይመስሉታል። እኛ ግን የዚህን ዕውቀት ታሪክ ስንመለከት እጅግ የተለያዩ ሆነው አግኝተናቸዋል። የመጀመሪያውን ሬሳው ራሱ የሚመልስበት ጊዜ አለ። ሁለተኛውን ግን በሕይወት ያሉት ሰዎች የያዙት አንድ ነገር፥ ይኸውም መዝገብ ወይም የጥርስ ቅርፅ ወይም የዘመድ ደም፥ ከጎኑ ካልቆመ በቀር ዐፅም ብቻውን አይመልሰውም። (የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓ፥ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈናል።)

ስለ አሟሟት ምክንያት የተጻፈው ዕውቀት ጥንታዊ ነው። በ1247 ሶንግ ሲ የተባለው የቻይና ዳኛ ለመርማሪዎች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በእሳት ተቃጥሎ የተገኘ ሰው አመድ በአፉና በጉሮሮው ውስጥ ቢገኝ በሕይወት ሳለ እንደ ተቃጠለ፥ ባይገኝ ግን አስቀድሞ ተገድሎ ወደ እሳት እንደ ተጣለ ያስረዳል፤ የሞተ ሰው አይተነፍስምና። በማጭድ ስለ ተገደለ ሰውም ይተርካል። መርማሪው የመንደሩ ሰዎች ማጭዳቸውን ሁሉ አምጥተው በመሬት ላይ እንዲያኖሩ ባዘዘ ጊዜ፥ ዝንቦች በአንደኛው ማጭድ ላይ ብቻ ስለ ተሰበሰቡ ባለቤቱ ተያዘ። በዚህ ታሪክ የሟቹ ስም ማንንም አላስቸገረም። በመንደር የሞተ ሰው ስም አይጠፋም፤ ሁለተኛው ጥያቄ የከበደው ከተማ ሰፍቶ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይተዋወቅ መኖር ከጀመረ ወዲህ ነው።

ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የሆነው ነገር ነው። ኅዳር 23 ቀን 1849 ዶክተር ጆርጅ ፓርክማን የተባለ፥ ብዙ መሬት ያለውና ገንዘብ የሚያበድር ሰው፥ ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ከተበዳሪዎቹ አንዱ የሃርቫርድ የሕክምና ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ጆን ዌብስተር ነበር። ይህ መምህር ሰብስቦ ያኖራቸውን የማዕድን ድንጋዮች ለፓርክማን መያዣ ሰጥቶ ሳለ፥ እነዚያኑ ለሌላ አበዳሪ ደግሞ ማስያዙ ታውቆበት ነበር። የኮሌጁ ዘበኛ ሊትልፊልድ በመምህሩ ስለ ተጠራጠረ፥ ከላቦራቶሪው በታች ያለውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ግንብ በስውር ሰርስሮ ገባ፤ በዚያም የሰው አካል ቁራጮች አገኘ። ራሱ ግን አልነበረም። በምድጃው አመድ ውስጥ የተሰባበረ አጥንትና ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኘ።

ይህ አካል የማን ነው? ኮሌጁ ለትምህርት የሚሆኑ ሬሳዎች የሚገቡበት ቤት ስለ ነበረ፥ ተከራካሪ ወገን «ከእነዚያ አንዱ ነው» ለማለት አያቅተውም ነበር። ነገሩን የለየው ናታን ኪፕ የተባለው የጥርስ ሐኪም ነው። ኪፕ የፓርክማንን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሠራው በ1846 ሲሆን፥ የመንጋጋውን የጀሶ ቅርፅ ሳይጥል አስቀምጦት ነበር። ፓርክማን ጥርሱ ለአዲሱ የሕክምና ኮሌጅ ምረቃ በዓል እንዲደርስለት አጣድፎት ስለ ነበረ ሥራውን አልረሳውም። ኮሌጁ የተሠራበትን መሬት የሰጠው ፓርክማን ራሱ ነውና፥ ሰውየው የሞተው በሰጠው መሬት ላይ ነው። በ1850 በመጋቢት ወር ችሎት በተቀመጠ ጊዜ ኪፕ ከአመድ የወጣውን ጥርስ ከቅርፁ ጋር አገጣጥሞ አሳየ፤ ያንጊዜም አለቀሰ ይባላል። ኤተር ለማደንዘዣ እንደሚያገለግል በ1846 በአደባባይ ያሳየው ሞርተን ለተከሳሹ ቆሞ፥ እንዲህ ያለውን ጥርስ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ መሆኑን መስክሯል። ዳኞቹ ግን ኪፕን አመኑ። ዌብስተርም ነሐሴ 30 ቀን 1850 ተሰቀለ።

እኛን ይልቁንም ያስደነቀን በዚህ ነገር የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ራሱ ተቃጥሎ ስለ ጠፋ ሐኪሞቹ ፓርክማን በምን እንደ ሞተ ለይተው ሊናገሩ አልቻሉም። የክሱ ጽሑፍም ካቀረባቸው የአገዳደል ዓይነቶች መካከል «ባልታወቀ መንገድ» የሚል ነበረበት። በቁራጭ እንጨት መመታቱ የታወቀው ዌብስተር ከተፈረደበት በኋላ በሰጠው ቃል ነው። እንግዲህ ሬሳው ዝም ቢልም፥ አንድ የጥርስ ሐኪም ሳይጥል ያኖረው ጀሶ ተናግሯል።

ግንቦት 4 ቀን 1897 በፓሪስ ለድሆች መርጃ የተዘጋጀ ገበያ በእሳት ተቃጥሎ 126 ያህል ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከታላላቅ ቤተሰብ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱም አንዷን፥ የኦስትሪያን ንግሥት እኅት የአላንሶን ዱሼስን፥ የለያት የጥርስ ሐኪሟ ዳቬንፖርት በያዘው መዝገብ ነው። በዓመቱ ኦስካር አሞኤዶ የተባለው በፓሪስ ያስተምር የነበረ የኩባ ሰው በዚሁ ነገር መነሻነት ስለ ጥርስና ስለ ሕግ ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የጥርስ መዝገብ የሚኖረው ማን እንደ ነበረ አንባቢ ያስተውል። የዱሼሷ ስም ሲገኝ የገረዷ ላይገኝ ይችል ነበር።

መዝገብ ለሌለው ሰው መፍትሔ የመጣው ዘግይቶ፥ ከአርጀንቲና ነው። ከ1976 እስከ 1983 በገዛው የወታደር መንግሥት ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጠፍተው ቀሩ። መንግሥቱ እንደ ወደቀ መቃብሮች በመሬት መቆፈሪያ መኪና እየተዛቁ የአንዱ አጥንት ከሌላው ተደባለቀ። በ1984 ክላይድ ስኖው የተባለው የአሜሪካ የዐፅም ሊቅ ሲመጣ፥ በትንሽ መጥረጊያና በማንኪያ መቆፈርን ያስተማረው የእኛ እኩያ ለሆኑ ተማሪዎች ነበር። የጠፉት ልጆች እናቶችም፥ ይኸውም የልጅ ልጆቻቸውን የሚፈልጉት አያቶች፥ ደማቸውን ሰጡ፤ በ1987 በሕግ የዘር መዝገብ ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ የዘመድ ደም ራሱ መዝገብ ሆነ።

እነዚያ ተማሪዎች ያቋቋሙት ቡድን በ1993 እና በ1994 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጠርቶት ወደ አገራችን መጥቶ ሠርቷል። ከእርሱም በፊት በ1984 ዓ/ም፥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ/ም የተረሸኑት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ዐፅም ከጅምላ መቃብር ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። የእነዚህ ስም ዝርዝር የታወቀ ነበር፤ በጅምላ መቃብር የሚያስቸግረው ግን የትኛው አጥንት የየትኛው ስም እንደሆነ ነው። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዐፅም በዚያው ዓመት ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ/ም ተቀብሯል። በ1967 ዓ/ም መንግሥት በሕመም ሞቱ ብሎ ነበር፤ በ1987 ዓ/ም የቀረበው ክስ ግን በአልጋቸው ላይ ታንቀው መገደላቸውን ይናገራል። አየር አሳጥቶ መግደል በአጥንት ላይ ምልክት ሳይተው ሊያልፍ ስለሚችል፥ እንዲህ ባለው ነገር ከዐፅም ይልቅ የሰው ምስክር ይፈለጋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ/ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ የተሸኙት 17 ሣጥኖች ባዶ ነበሩ፤ ለቤተሰቦችም ከስፍራው የተወሰደ አፈር ተሰጣቸው። በአገራችን ልማድ ሬሳ ሳያዩ ማልቀስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዘመዶች ናሙና ተወስዶ ወራት የፈጀ ምርመራ ከተደረገ በኋላ ግን ቅሪቶቹ ስም እያገኙ ለየቤተሰቡ ተመለሱ።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመኝታ ቤታችን ያሉትን ጓደኞቻችንን የጥርስ መዝገብ እንዳላቸው ጠየቅናቸው። አብዛኞቹ ሣቁ፤ አንድም ያለው አልተገኘም። እኛም በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ክሊኒክ ልጆች ሳለን ጥርስ ተነቅሎልናልና ባለፈው ዕረፍት መዝገቡ እንዲፈለግልን ለመንን። ስማችንና ቀኑ በመልካም የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ፥ ከጎኑ «አንድ ጥርስ ተነቀለ» ይላል። የትኛው ጥርስ እንደሆነ አልተጻፈም።