ከእግዜር እንግዳ እስከ ዜጋ

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላለ መንገደኛ በር መክፈት የቆየ ወጋችን ነው። ሆኖም አንድ ሌሊት ማሳደር ሌላ፣ ዕድሜ ልክ አብሮ መኖር ሌላ። ለሁለተኛው ደግነት ብቻውን አይበቃም፤ ሕግ ያስፈልጋል።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ሲያስመጡ፣ የተሰጣቸው መጠጊያ ብቻ አልነበረም፤ ሥራም ነበር። «አርባ ልጆች» ተብለው የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ።

በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ መስፈርቱን በጽሑፍ አሰፈረው፤ አምስት ዓመት መኖር፣ ራስንና ቤተሰብን ማስተዳደር፣ አማርኛን አጥርቶ ማወቅ። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 378 ዘመኑን ወደ አራት ዓመት ዝቅ አደረገ፤ የቋንቋውንም በር አሰፋ። ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃል አለ።

እኔ ለዚህች አንቀጽ ትልቅ ግምት የምሰጠው አቃቂን እያሰብሁ ነው። ባቡሩና ፋብሪካዎቹ ከየአቅጣጫው ሰው ሰብስበውባታል፤ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይነገሩባታል። እዚህ የሚኖር ባዕድ «አገሬውን ምሰል» ቢባል፣ የትኛውን ይምሰል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ለስደተኛው የመሥራትን መብትና ከማኅበረሰቡ ጋር የመዋሐድን መንገድ በሕግ ከፍቷል። አርባዎቹ ልጆች እንጀራቸውን ያገኙት በመለከት ነው። አዋጁም የሚመዘነው ስደተኛው በላቡ በሚያገኘው እንጀራ ይሆናል።