የቱነይድባ ስደተኞች ድምፅ የት ነው?

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የቱነይድባ መጠለያ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ድንበር ለተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ነው።

በኢትዮጵያ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. ይጠበቅ የነበረው ተራዘመ። ስደተኞቹ ቀያቸውን ሲለቁ የአካባቢ ምክር ቤቶቻቸው ከተመረጡ ከሰባት ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

አሁን ለመምረጥ ቢሹም፣ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ለስድስት ወራት የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። በተጠለሉባት ሱዳንም ድምፅ የዜጎች መብት ነው።

በአየርላንድ ግን ለአካባቢ ምክር ቤት ለመምረጥ መስፈርቱ ነዋሪነት እንጂ ዜግነት አይደለም። ዕድሜው 18 የሞላና የተመዘገበ ጥገኝነት ጠያቂም ይመርጣል።

የቱነይድባ ስደተኛ በአገሩ ዜጋ ነው፤ ነዋሪ ግን አይደለም። በሱዳን ነዋሪ ነው፤ ዜጋ ግን አይደለም።