ፓምፕ ውሃ አይስብም፤ አየር ነው የሚገፋው

ጎረቤቴ ሰሞኑን የጉድጓዱን ዲናሞ «ተበላሽቷል፣ አየር ብቻ ነው የሚያመጣው» ብሎ ሊቀይረው ነበር። ቆይ እስኪ አልኩት።

ወዳጆቼ፣ አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ነግሠው ሳለ፣ በ1644 (እ.ኤ.አ.)፣ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በጻፈው ደብዳቤ የአየርን ክብደት አስረዳ። ፓምፕ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ መሳብ የማይችለው፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ስለሆነ ነው። በ1648 ፔሪዬ ሜርኩሪውን ይዞ ተራራ ቢወጣ ዝቅ አለ። ለዚህ ነው እኛ ቦሩ ሜዳ፣ ደጋ ላይ፣ ከ7 ሜትር ተኩል ገደማ የማያልፍልን፤ በተግባርማ ከዚያም ያንሳል።

እና የመሳቢያው ቱቦ ሲቀደድ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ያስገባል። ዲናሞው እየሠራ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀባን፤ አንዱ ጋ ወደ ውስጥ ገባ። ፈትተን ቴፍሎን ጠቀለልንበት፣ ሮቶው ሞላ።

ዲናሞ ከመቀየራችሁ በፊት አረፋ ቀቡ!